በሦስተኛው መንደር በልቶ እንደሆነ

ወሬው ሲደርሰኝ ማንኪያ ይዤ ነበር። የምሠራው ካናዳ፣ ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ በጠዋቱ ሺፍት ራሳቸውን መመገብ ለማይችሉት ቁርስ የማበላው እኔ ነኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት አጠገብ ተቀምጬ የአጃ ገንፎ ሳጎርስ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሣም። የፈረንሳይ ቁጥር መሆኑን ሳይ ግን አነሣሁ።

ባለቤቴ ብስክሌት ሊነዳ ፈረንሳይ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር። የደወሉት ሊዮን የሚኖሩት የልጅነት ጓደኛው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር።

«እህቴ፣ ተቀምጠሻል?» አሉኝ።

«ተቀምጫለሁ ጋሼ።»

«እንግዲህ አትደንግጪ። ከብስክሌት ወድቋል። የተመታው ጭንቅላቱን ነው። ሆስፒታል ነን። በሕይወት አለ፣ ዶክተሮቹ ይዘውታል፣ ግን ገና አልነቃም።»

«በልቶ ነበር?» አልኩ።

«ምን አልሽኝ?»

«ከመውደቁ በፊት ምግብ ቀምሶ ነበር ወይ ነው የምልዎ።»

«አዎ፣ አዎ፣ በልቷል። አሁን ስለ ምግብ የምናወራበት ሰዓት ነው እንዴ እህቴ?»

ኋላ እንደሰማሁት፣ አብረዋቸው ለነበሩት ለሌላው ጓደኛቸው «ሴትዮዋ ደንግጣ የምትናገረውን አታውቅም» ብለዋቸዋል። የምናገረውን አውቅ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው፤ እኔም እንደዚያ ሰው ሳጎርስ በራሴ አፍ ውኃ እንኳ አልዞረም ነበር። ስልኩን ዘግቼ የቀረውን ገንፎ አጎረስኳቸው፤ አፋቸውን ከፍተው እየጠበቁ ነበርና። ከዚያ አፋቸውን ጠርጌ፣ ሳህኑን መልሼ፣ ሱፐርቫይዘሯን ፈልጌ ነገርኳት። ልጅቷ እኔን አቅፋ ስታለቅስ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ለመናገር አንድ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ባለቤቴ አሥመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ ሰው ነው፤ እኔ ጎንደሬ ነኝ፤ የተገናኘነው እዚሁ ካልጋሪ ነው። ሥራው ድራፍቲንግ ነበር። መሀል ከተማ ካሉት ፎቆች በአንዱ ተቀምጦ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቱቦ የሚያልፍበትን መሬት ንድፍ ይሠራ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ እዚህ ሰው ሁሉ ዳውንተርን የሚለው ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ የማናውቃቸው ሰዎች ሥራ አጡ፣ ቀጥሎ የምናውቃቸው። ከቅዳሴ በኋላ የወንዶቹ ሰላምታ ራሱ ተለወጠ፤ «እንዴት ነህ» ቀረና «አሁንም አለህ?» ሆነ። ባለቤቴ «አለሁ» ሲል ከረመ።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በፊት በባቡር ተመለሰ። ማስመሪያውንና የቢሮ ጫማውን በፌስታል ይዟል።

«ሌይኦፍ?» አልኩት፤ ከሥራ ቀነሱህ ማለቴ ነው።

«ሌይኦፍ» አለ። «ፎቁን በሙሉ ነው። ተክሎቹን የምታጠጣዋን ሴትዮ ሳይቀር።»

ልጃችን አግብታ ኮርነርስቶን ሰፈር ከገባች ወዲህ ራንድል ያለው ቤታችን ለሁለታችን ብቻ ነበር፤ አሁን ቀን ቀን ለእሱ ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዝ ለብሶ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፣ ማመልከቻ ይልካል። የሚመልስለት የለም። እኔ ተጨማሪ ሺፍት ወሰድኩ። ክረምቱ ሲያልፍ ጋራዥ ገብቶ ስንት ዓመት ተሰቅሎ የኖረውን ብስክሌቱን አወረደ፤ ጎማውን ቀየረ፣ ሰንሰለቱን በጥርስ ብሩሽ አጠበ። የጥርስ ብሩሹ የእኔ ነበር።

በልጅነቱ አሥመራ ላይ ተወዳዳሪ ነበር። ይህን የነገረኝ ስንጋባ ነው፤ እኔም እንደ ማንኛውም የወንድ ወሬ ሰምቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ላይ በየቀኑ ይወጣ ጀመር፤ በመስኖው ቦይ ዳር እስከ ቼስተርሜር ሐይቅ፣ ከዚያ አልፎ የስንዴ እርሻው መሀል። ሲመለስ ፊቱ በነፋስ ቀልቷል።

«እንዴት ነበር?» እለዋለሁ።

«ይሄ እኮ መንገድ አይደለም፣ ጠረጴዛ ነው። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። ነፋሱ ደግሞ ስሄድም ከፊቴ፣ ስመለስም ከፊቴ።»

የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዝም አላሉም። አንዷ በማኅበር ላይ «ባልሽን ቼስተርሜር መንገድ አየሁት» አለችኝ። «ከኋላው ስመጣ ጎረምሳ መስሎኝ ነበር። እንደዚያ ጭኑን የሚያሳይ ቁምጣ! ስደርስበት ጢሙ ነጭ። እኔ ነኝ ያፈርኩት።» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን ቁምጣውን ሳጥብ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ነው ያሸሁት።

በግንቦት የሊዮኑ ጓደኛው የመንገድ ካርታ ላኩለት። ከሊዮን በስተሰሜን ያለ ገጠር ነው፤ ትንንሽ ኮረብታ፣ የወይን እርሻ፣ በየኮረብታው ጫፍ ወይም ጥግ አንድ መንደር። ዘጠና ምናምን ኪሎ ሜትር ዞሮ የተነሣበት የሚመለስ መንገድ። ከእሳቸው ሌላ ፍራንክፈርት የሚኖሩ ጓደኛም አሉ፤ ሦስቱ አሥመራ በአንድ ክለብ ማልያ ይነዱ የነበሩ ናቸው፤ ከአርባ ዓመት ወዲህ ሦስቱ በአንድ መንገድ ላይ ሆነው አያውቁም። «እኛ ጡረተኞች ነን፣ አንተም ሥራ ፈት ሆነሃል፣ ከዚህ የተሻለ ዓመት አናገኝም» ብለው ጻፉለት። ባለቤቴ ይህን ጮክ ብሎ አነበበልኝና ሳቀ። ሌይኦፍ ከሆነ ወዲህ ሲስቅ ያኔ ነው የሰማሁት።

ካርታውን እንደመጣ አልተወውም። ረጅም ወረቀት ዘርግቶ መንገዱን ከጎኑ የሚታይ አድርጎ ነደፈው፤ ዳገቱ ሲወጣ፣ ቁልቁለቱ ሲወርድ፣ ልክ ቱቦ እንደሚቀብርበት መሬት። አምስቱን መንደሮች በቁጥር አስቀመጠ። ውኃ የሚሞላበት ቦታ ላይ ትንሽ ክብ፣ ምግብ የሚበላበት ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን። ከዚያ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አየዋለሁ። አንደኛው መንደር አደባባዩ ላይ ትልልቅ ዛፎች አሉት። ሁለተኛው ሴቶች ድሮ ልብስ ያጥቡበት የነበረ ጣሪያ ያለው የውኃ ገንዳ አለው። ሦስተኛው ዳቦ ቤት አለው፤ አራት ማዕዘኑ እዚያ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከዚያ ከሁሉ የከፋው ዳገት፣ አራተኛው መንደር ጫፉ ላይ። አምስተኛው ወንዝ ዳር። እግሬ ሳይረግጣቸው በፊት በቃሌ ይዣቸው ነበር።

ችግሩ ጉዞው ፍልሰታ ውስጥ መግባቱ ነው። ቀኑን የወሰኑት የፍራንክፈርቱ ናቸው፣ ለእሳቸው የሚመቸው እሱ ነው። ባለቤቴ ጾም አያፈርስም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ቅዳሴ አይመጣም፣ ንስሐም ከገባ ቆይቶ ነበር።

«አባን ጠይቂልኝ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«መንገደኛ ነው በያቸው። ያን ቀን ብቻ ጠዋት ቀምሼ ልንዳ። የምበላው የጾም ነው፤ ሙዝና ደረቅ ዳቦ። ሰዓቱን ብቻ ነው የምጠይቀው።»

«ራስህ አትደውልላቸውም?»

«እኔ ስደውልማ መጀመሪያ የሚሉኝ ‹የት ጠፋህ› ነው። ለአንቺ እሺ ይላሉ።»

የንስሐ አባታችን አንድ ናቸው፤ ሞንተሬይ ፓርክ ይኖራሉ፣ ከራንድል ሩቅ አይደለም። በቤታችን ልማድ ለእሳቸው የሚላክ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በእኔ ነበር፤ የእሱም ጥያቄ፣ የእሳቸውም መልስ። መንገደኛና በሽተኛ በንስሐ አባቱ ፈቃድ የጾም ሰዓት እንደሚቀነስለት ሁለታችንም እናውቃለን። የቀረው መጠየቅ ብቻ ነበር።

ሁለት እሑድ አገኘኋቸው፤ መስቀል ተሳልሜ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠይቄ፣ ተመለስኩ። አልጠየቅኋቸውም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አጥርቼ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ የማውቀውን ልጻፍ። አንደኛ ስለት ነበረብኝ። ሥራ እንዲያገኝ የዘንድሮን ፍልሰታ ሁለታችንም አንዲት ቀን ሳናጎድል እንጾማለን ብዬ ተስዬ ነበር፤ እሱን ሳላማክር፣ በእሱ ሆድ ጭምር። ሁለተኛ ተናድጄ ነበር። እኔ የሰው አረጋውያን ሳነሣና ስጥል እሱ ኮረብታ ለኮረብታ ሊዞር ነው። ሁለቱ ተደባልቀው የትኛው ይበልጥ እንደነበር ዛሬ መለየት አልችልም። ያን ጊዜ ስለቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሸሚዝ ስተኩስ መጣና «ጠየቅሻቸው?» አለኝ።

«ጠየቅኩ።»

«ምን አሉ?»

«ለመዝናኛ አይሆንም አሉ።»

ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። እሱም አልተከራከረም። «እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እችላለሁ» አለ። «ልጅ ሆነን ስንት ጊዜ ነው ምንም ሳንቀምስ የነዳነው።» ከዚያ ላጲስ አምጥቶ ግድግዳው ፊት ቆመ። ሦስተኛው መንደር ላይ ያለውን አራት ማዕዘን አጠፋና አምስተኛው ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ አዲስ ነደፈ። ከሥሩ «9 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። የላጲሱን ፍርፋሪ በእጁ ጠራርጎ ቅርጫት ውስጥ ጣለ። እኔ መተኮሴን ቀጠልኩ።

ሊዮን የደረስኩት በወደቀ በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። የሊዮኑ ወፍራምና ተናጋሪ ናቸው፤ የፍራንክፈርቱ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጋብቻ ያላገኛቸው ሰው። ሁለቱንም አንቱ ነው የምላቸው። ባለቤቴ ጭንቅላቱ ተጠቅልሎ፣ በአፉ ቱቦ ገብቶ ተኝቷል። ልብሱን ጠየቅኩ፤ የማልያው የጀርባ ኪስ ውስጥ ያለውን ማየት ፈልጌ ነበር። ነርሷ እንደመጣ በመቀስ ተቆርጦ እንደተጣለ ነገረችን። ዳቦ ይዞ ከነበረም፣ ባዶ ከነበረም፣ ኪሱ የለም።

በሽተኛ የሚጠብቅ ሰው ሥራ የለውም። ዳዊቴን አነባለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ከዚያ የሊዮኑ ሰውዬ ቤታቸው የሠሩትን ምስር አምጥተው ኮሪደር ላይ ያበሉኛል። በአራተኛው ቀን «እዚህ ብቻ ተቀምጠሽ አንቺም ልትታመሚብን ነው፣ ትንሽ አየር ውሰጂ» አሉኝ።

«እንግዲያው መንገዱን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ተያዩ። ከዚያ የሊዮኑ የመኪና ቁልፋቸውን አወጡ።

መኪናውን የሚነዱት እንደ አውቶቡስ ነው፤ በዝግታ፣ መንደር ስንደርስ ስሙን ጮክ ብለው እየጠሩ። የፍራንክፈርቱ ከኋላ ተቀምጠዋል። አገሩ የሚያምር ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። መሬቱ ይነሣል ይወርዳል፤ አንዱን ጉብታ ስትጨርስ ሌላው ከፊትህ ይቆማል። ወይኑ በመስመር ተተክሎ ኮረብታውን የተበጠረ ፀጉር አስመስሎታል። ቤቶቹ ቢጫ ድንጋይ ናቸው፣ መስኮታቸው ተዘግቷል፣ ሰው የለም። ብስክሌተኞች ግን አሉ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያልፉናል፣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ የእሱን የመሰለ ቁምጣ ለብሰው። የሚያፍርባቸው አላየሁም።

«አንደኛ መንደር!» አሉ የሊዮኑ። ዛፎቹ ነበሩ። «እዚህ ባልሽ ጥሎን ሄደ። ‹ሽማግሌዎች፣ ወይን ልትለቅሙ ነው የመጣችሁት?› እያለ።»

«አልጣለንም» አሉ የፍራንክፈርቱ ከኋላ። «አንተ ሰንሰለትህ ወልቆ ቆምህ፣ እሱ ጠበቀህ።»

«ወልቆ ነበር እንዴ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ሁለተኛው መንደር ላይ የውኃ ገንዳው ጋ ወርደን ፊቴን ታጠብኩ። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ያየሁት ክብ እዚያ ነበር፤ ባለቤቴ የነደፈው ከቦታው አንድ ስንዝር አልሳተም። ከዚያ አንድ ረጅም ለስላሳ ዳገት ወጣንና ሦስተኛው መንደር ገባን። ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ከፊቱ ጠጠር የለበሰ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ዳቦ ቤቱ።

«እዚህ ነው የበላው?» አልኩ።

«እዚህ ነው» አሉ የሊዮኑ። «ክሯሳን በላ። አንድ ሙሉ።»

«ክሯሳን ቅቤ አለው ጋሼ። ፍልሰታ ነው።»

መሪውን ይዘው ቆዩ። «እንግዲያው ሌላ ነገር ነው። እኔ የፈረንሳይ ዳቦ ሁሉ ክሯሳን እያልኩ ነው።»

«ሙዝ ነው» አሉ የፍራንክፈርቱ። «ሙዝ ሰጠሁት።»

«አዎ፣ ሙዝም ዳቦም።»

ከዚህ በላይ አልጠየቅኳቸውም፤ ወርጄ ዳቦ ቤቱ ገባሁ። ሁለቱም ተከተሉኝ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጉንጯ የቀላ፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። የሊዮኑ በፈረንሳይኛ ሲያወሯት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ አደጋውን ሰምታለች። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«አዝናለች። ሦስት አፍሪካውያን ሽማግሌዎች ቢጫ ማልያ ለብሰው መምጣታቸውን ታስታውሳለች። እንዲህ ያለ እንግዳ በየቀኑ አይመጣም አለች።»

«ሦስቱም ገቡ ወይ ይበሏት።»

ጠየቋት። ሴትዮዋ ሁለት ጣቷን አነሣች፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አመለከተች። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ሁለት ገብተዋል፤ አንዱ ውጭ ቆሞ ብስክሌቶቹን ይጠብቅ ነበር።

«ውጭ የነበረው ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ የሊዮኑ።

«እኔ ነኝ» አሉ የፍራንክፈርቱ።

በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት። ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን ታያለች። እኔ ሦስት ዳቦ ገዛሁ፣ አመሰገንኳት፣ ወጣሁ። ሰዓቱ ገና ስድስት ስለነበር ዳቦውን አልቀመስኩም። መኪናው ውስጥ ስንገባ የፍራንክፈርቱ «በየተራ ነው የጠበቅነው» አሉ፤ የሊዮኑም «አዎ፣ በየተራ» አሉ።

የወደቀበት ቦታ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ቁልቁለቱ ሁለት ጊዜ ይጠማዘዛል፤ በሁለተኛው ጥግ ላይ ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር አለ። አስፋልቱ ላይ ከወይን እርሻው የወረደ ጠጠር ነበር። የፖሊሱም ወረቀት ጠጠር ነው የሚለው። የሊዮኑ በጫማቸው ጠጠሩን እየበተኑ «አየሽ? ማንንም ይጥላል ይሄ» አሉኝ። እውነት ነው፣ ማንንም ይጥላል። የጠገበንም፣ የራበውንም። ግን ከፊቱ የነዱት ሁለቱ እዚያው ጠጠር ላይ አልፈዋል።

ባለቤቴ በዘጠነኛው ቀን ነቃ። ድምፁ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ብስክሌቱ ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ እንደ ልጅ ተላቀሱ። እኔ አምላኬን አመሰገንኩ፣ ከልቤ ነው ያመሰገንኩት፤ ወዲያውም ያ ጥያቄ እዚያው ቦታው እንዳለ አየሁ። ቀስ ብዬ ጠየቅኩት፤ ከነቃ ከሳምንት በኋላ፣ ማንም በሌለበት። ሊዮን የገባበትን ያስታውሳል። ከመንዳታቸው በፊት የነበረውን ማታ፣ ምስር እንደበሉም ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ነው አለኝ። አንዲት ዳገት እንኳ የለም። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን መንገድ ነድቶት አያውቅም።

ካልጋሪ ተመለስን። በምርኩዝ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱን ቶሎ ካዞረ ምድር ትዞርበታለች። ብስክሌት ከእንግዲህ የለም ብለውታል። የሥራ ማመልከቻ መላኩም አሁን ቀርቷል። ይህን ሁሉ ያለ ብዙ ምሬት ተቀብሎታል፤ ከእኔ የተሻለ ታጋሽ ነው።

በጥቅምት ሞንተሬይ ፓርክ ሄጄ ለአባ ተናዘዝኩ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ብትጠይቂኝ እፈቅድለት ነበር» አሉ። «የሰባ ዓመት ሰው ነኝ፤ እኔ ራሴ ወደ ኤድመንተን ስነዳ እንኳ ሰዓቱን ሳልጠብቅ ቀመስ አደርጋለሁ።»

«አውቃለሁ አባ።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ያደረግሽው ምንድን ነው? በእኔ አፍ መልሰሽ፣ ስሙን ጾም አልሽው። ጾሙ ያንቺ ይሁን እንጂ በሰው ሆድ አይሳሉም።» ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ «ለባልሽ ንገሪው» አሉ።

«ሳይበላ ቀርቶ ከሆነስ አባ? በዚያ ምክንያት ዞሮበት ከሆነስ?»

«እሱን እኔ አላየሁም» አሉ። «የማላውቀውን አልፈታም፣ አላስርም። ያደረግሽውን ተናዝዘሻል፤ ሄደሽ ንገሪው።»

በዚያው ቀን ነገርኩት። ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች ይልጥ ነበር፤ እጁ እንዲለማመድ ሐኪሞቹ ያዘዙት ነው። የተናገርኩትን ቃል በቃል ነገርኩት፤ ስለቱንም፣ ንዴቱንም። ድንቹን አስቀመጠ።

«አባ አልከለከሉም በይኛ።»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«እኔ ደግሞ ፈራኋቸው፣ አምስት ወር ሙሉ ሳገኛቸው እሸሽ ነበር!» አለና ሳቀ። እየሳቀ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ሲስቅ ያመዋል። «ስሚ፣ እኔ አንቺን ፈርቼ ሳልበላ የቀረሁበት ቀን አለ? አሥመራ ልጅ ነኝ። ዳቦ ቤት ፊት ብስክሌት አቁሜ ዳቦውን እያሸተትኩ የምቆም ይመስልሻል?»

«ላጲስ ይዘህ አራት ማዕዘኑን አዛውረኸዋል።»

«ያንን ላንቺ ብዬ ነው» አለ። «ስታዪው ደስ እንዲልሽ።»

ድንቹን አንሥቶ መላጥ ቀጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ጉዳይ አላነሣውም። እውነቱን ይሁን፣ ወይም ለእኔ ብሎ የሠራው መልስ ይሁን፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም፤ ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ። እሱም ራሱ አያውቅም። የሚያስታውሰው ነገር የሌለው ሰው የሚሰጠው መልስ ደግነት እንጂ ምስክርነት አይደለም።

ይህን የምጽፈው እንግዲህ ለሁለታችሁ ነው፤ ለሊዮኑም ለፍራንክፈርቱም። በየእሑዱ ስትደውሉ አብራችሁት ስትስቁ እሰማለሁ፤ ስልኩን እኔ ስቀበል ግን ስለ አየር ጠባይ ትጠይቁኛላችሁ። ለእኔ በማዘናችሁ ነው፤ ይገባኛል፣ አመሰግናለሁም። ሆኖም ሸክሜን ለመቀነስ ብላችሁ የያዛችሁት ነገር የእኔ ነው። አባ ስግደት ሰጥተውኛል፣ ሰግጃለሁ፣ ለዋሸሁት ነው። ለቀረው መስገድ እንዳለብኝና እንደሌለብኝ ግን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ባለቤቴ ከእንግዲህ ቀጥ ብሎ መንገድ አይሻገርም፤ ይህ የጠጠር ሥራ ከሆነ ልወቅ፣ የእኔም ከሆነ ልወቅ። ማወቁ አይገድለኝም። ጠዋት ተነሥቼ ለሰው ቁርስ የማበላ ሴት ነኝ።

ስለዚህ ሙዝ ነው፣ ዳቦ ነው እያላችሁ አትድከሙ። ከዳቦ ቤቱ ወጥታችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ለእሱ የዘረጋችሁለት ነገር ካለ፣ ያን ጊዜ ምን ብሎ እንደመለሰላችሁ ጻፉልኝ፤ ያለውን ቃል፣ እንዳለው። አደራ፣ ሳትደዋወሉ፣ ሳትመካከሩ፣ ለየብቻችሁ ጻፉልኝ።